የፀደይ አምፖል

ጥር 13 ቀን 2017

ዛሬ የፀደይን ክፍል ስጠርግ ከበሯ በላይ ቀጭን ሽቦ አገኘሁ። በመቃኑ ጎን ወርዶ ውጭ ግድግዳው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ነጭ ነገር ላይ ያልቃል። ብጫናት ከውስጥ፣ ከአልጋዋ ራስጌ፣ አንዲት አምፖል ቦግ አለች። እጄን ሳነሳ ጠፋች። በሁለት የራዲዮ ድንጋይ ነው የምትሠራው።

ማን ሠራት? ቤቱ የኔ ነው፤ እኔ አላዘዝኩም። ለጥምቀት ታቦት ስንሸኝ ግቢዬ ውስጥ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

ልጄ ፀደይ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አትሰማም። ማጅራት ገትር ነው የወሰደባት። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች። በሯ ቁልፍ የለውም። ለምን ይኖረዋል? ቢያንኳኩ አትሰማ። እኔ ስፈልጋት ገፍቼ እገባለሁ፤ ራቅ ካለችም ወለሉን በእግሬ እመታለሁ፣ ንዝረቱ ይደርሳታል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ኖረናል፣ አንድም ቀን አልተጣላንም።

እንግዲህ አምፖሏ ለኔ ካልሆነች ለማን ናት?

ያገኘሁትን መቀስ አንስቼ ሽቦውን ቆረጥኩት። የሷ የጨርቅ መቀስ ነበር። ማታ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ሽቦውን አይደለም፣ መቀሱን ነው። ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ አምፖሏን ከወለሉ አንስታ በቀሚሷ ጠረገቻት። ምንም አላለችም። ምን ልትል ኖሯል።

ለምን እንደምጽፍ ልጻፍ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ ከሰፈር ሴቶች ጋር። «ልጅሽን ለመርዳት ነው?» ሲሉኝ አዎ እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ፀደይ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ወረቀት ላይ እየጻፈች ትስቅ ነበር፤ ምን እየተባለ እንደሚሳቅ ማወቅ ፈለግኩ። እዚህ መቀሌ የተማረችው በትግርኛ ስለሆነ የምትጽፈውም በትግርኛ ነው፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ አነበዋለሁ። እኔ የምጽፈው በአማርኛዬ ነው። አሁን ደግሞ የማየውን ሁሉ ልጻፍ። ሰው ይክዳል፣ የተጻፈ አይክድም።

ጥር 14

ሔሩይ ጋ ደወልኩ። ልጄ ነው፣ የፀደይ ታላቅ፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ምልክት ነው» አለኝ። «ወንድዬው ከውጭ ሲጫን እሷ ትወጣለች።»

እኔም ይህንኑ ነበር ያሰብኩት። ከሌላ አፍ ስሰማው ግን ሄጄ የግቢውን በር ቀረቀርኩ።

ሔሩይ አስተዋይ ነው። ለገና አልደወለም፤ ኔትወርክ ነው።

ጥር 18

ተከተልኳት። ያፍራል ሰው፣ ልጁን ሲከተል። ግን ሌላ ምን ላድርግ?

ሮማናት አደባባይ ላይ ከታክሲ ወርዳ ከካፌዎቹ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ገባች። ስልክና ራዲዮ የሚጠግን አንድ ሰው አለ፤ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። በእጅ ያወራሉ። እሱ የሚሰማ ሰው ነው፣ ግን በእጅ ያወራል፤ ሲሳሳት ጣቱን ይዛ ታስተካክልለታለች። በአደባባይ። ሰው እያየ።

እሷ ስትሄድ ገባሁ።

«ከመይ ውዒልክን ኣደይ» አለኝ፣ እንዴት ዋሉ እናቴ ማለቱ ነው፤ ወንበሩን በክራንቹ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ።

«ስልኬ አልጮህ አለኝ» ብዬ ዋሸሁ።

ተቀብሎ አየው። «አልተበላሸም፤ ድምፁን ዘግተውት ነው። ሌላስ?»

«ሌላማ አንተ ነህ። ሽቦ የምትዘረጋው አንተ ነህ?»

አልደነገጠም። «እኔ ነኝ። ገዛኢ እባላለሁ። ፀደይ ናት ያዘዘችኝ። ልብስ ስትቀይር ሰው እየገባባት ተቸገረች።»

«የምን ሰው? የምገባው እኔ ነኝ።»

«እሱን አልነገረችኝም» አለ፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ነበር።

«እግርህን ምን ሆንክ?»

«ቀደመኝ ኣደይ። ገነት ገብቶ ቦታ ይዞልኛል።»

የሚቀልድ ሰው አላምንም። ባሌ ጣሰውም ይቀልድ ነበር፤ የመንገድ ሥራ ሾፌር ሆኖ ከመንዝ አምጥቶ እዚህ ተከለኝና ሞተ። ቤቱ ለሦስታችን ቀረ፤ ለእኔ፣ ለሔሩይ፣ ለፀደይ። አንድ እግር ያለው ሰው ከማትሰማ ሴት ምን ይፈልጋል? የሷን ድርሻ ነው። ሌላ ምን አላት?

ጥር 27

ፀደይ ዛሬ ከፊቴ ቁጭ አለች። የቀለበት ጣቷን በሌላው እጇ ከበበች። ቀጥላ መዳፏን ጭኗ ላይ እንደ መጋዝ አሳረፈች፤ ይኼ የዚያ የገዛኢ ስሙ ነው፤ ላገባው ነው ማለቷ ነው።

እምቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ደገመችው። ደግሜ ነቀነቅኩ።

እኛ ቤት የራሳችን ቋንቋ አለን፤ ልጅ ሳለች እኔ የፈጠርኩት። ብዪ፣ ተኚ፣ ነዪ፣ ተዪ፣ ታጠቢ፣ አመመሽ። ትምህርት ቤት ያስተማሯትን የእጅ ቋንቋ አልተማርኩም። ለቤት የሚበቃ ነበረን። «ለምን» የሚል ምልክት የለንም፤ አስፈልጎን አያውቅም።

የካቲት 3

የፀደይ የመርፌ ቀን። በየሦስት ወሩ ነው። ግንባሬን በሁለት ጣት ያዝኩ፤ የራስ ምታትሽ መድኃኒት ማለቴ ነው። እንደ ወትሮው ተከተለችኝ።

ጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ አዲስ ናት። «እሷ ተስማምታለች?» አለችኝ።

«እሷ ምን ታውቃለች? እናቷ እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ቆይታ ነው የወጋቻት። ይህችም ተጠራጠረችኝ።

መጠርጠርን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በጦርነቱ ጊዜ ሰፈሩ በአማርኛዬ እኔን ይጠረጥር ነበር። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ለዱቄት ሰልፍ የምትወጣው ፀደይ ነበረች። አነጋገር የላት፣ ከየት ነሽ የሚላት የለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባዶ እጇን አልተመለሰችም። አሁን የመጠርጠሩ ተራ የኔ ነው።

መርፌውን ያስጀመርኳት ግን ከጦርነቱ በፊት፣ ከሌላ ክፉ ዓመት በኋላ ነው። ያንን አልጽፈውም።

የካቲት 10

ሔሩይ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ በር ወሰደኝ፤ አቤቱታ የሚያዘጋጁት ራፖር ጸሐፊዎች በጥላ ስር ተደርድረው የሚቀመጡበት።

«የምትጠይቁት እንድትከለከል ነው» አለ ራፖር ጸሐፊው። «ፍርድ ቤት ከከለከላት ያለ ፈቃድ አታገባም፣ አትሸጥም፣ ውል አትፈርምም። ሞግዚት ይሾምላታል። ግን የማትሰማ ብቻ ስትሆን ይከብዳል። አእምሮዋስ?»

«እሱም ደህና አይደለም» አለ ሔሩይ።

ልክ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ገጠምኩት። ለጥቅሟ ነው።

«ሞግዚት ማን ይሁን?»

«እኔ» አለ ሔሩይ። «እናቴ ደክማለች።»

እኔ የምሆን መስሎኝ ነበር። ግን ልክ ነው፤ ጉልበቴን ያመኛል።

ራፖር ጸሐፊው የአሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ። እስክሪብቶውን አነሳሁና ፈረምኩ። የኔዓለም ማንደፍሮ። ደንግጦ አየኝ፤ ደስ አለኝ። ስሜን መፈረም ያስተማረችኝ ፀደይ ናት፤ የ«ዓ» ቀለበት አልዞር ብሎኝ እጄን ይዛ። ያኔ እሷ ቀን ቀን ትማር ነበር፣ እኔ ማታ ማታ።

የካቲት 13

ሔሩይ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ፤ ሞራ ነው አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደበዝዝባት?» ሐኪሙ ሔሩይን ጠየቀው።

«ዓመት ቢሆናት ነው።»

ሦስት ዓመቴ ነው። ማን ጠየቀኝ። መጋቢት ላይ ይሠሩልኛል።

የካቲት 20

መጥሪያው ደረሳት፣ ከአቤቱታው ጋር። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወደ ማድ ቤት መጣችና ወረቀቱን ፊቴ ዘርግታ ፊርማዬን በጣቷ ነካችው። የ«ዓ»ን ቀለበት በጣቷ ተከተለችው፣ እንደዚያን ጊዜ።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

መጋቢት 2

ችሎት ዋልን። ዳኛዋ ሴት ናቸው፣ መነጽር ያደረጉ። «ልጅቱን ሳላይ አልወስንም» ብለው ነው የጠሯት። አስተርጓሚ ግን አልመጣም፤ ደብዳቤው የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

«ወይዘሮ፣ እርስዎ ያግባቧታል?»

«ሁልጊዜም የማናግራት እኔ ነኝ።»

«ለምን እዚህ እንደመጣች ታውቅ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።»

ወደ ፀደይ ዞርኩ። እጄን አነሳሁ። «ለምን» ምልክት የለንም። «ነዪ» አልኳት። «ተዪ» አልኳት። ሌላ ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ።

ዓይኗን ጨፈነች።

ትከሻዋን ነካሁ፤ አልከፈተችም። የሚሰማ ሰው ጆሮውን ቢደፍን ድምፅ መጨመር ይቻላል። ዓይኗን የጨፈነችን ሴት ምን ታደርጋታለህ? እጄ አየር ላይ ቀረ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «መልስ ነው ይሄ» አሉና አስተርጓሚ ይቅረብ ብለው ቀጠሩ።

ውጭ ሔሩይ «ጥሩ ነው፣ አእምሮዋ ደህና እንዳልሆነ አዩ» አለኝ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

መጋቢት 9

ይህን ቀን በሙሉ መጻፍ አለብኝ። ከተኛሁ ይለወጥብኛል።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ ረምላ ትባላለች፣ ጠበቃ፤ ዓይነ ስውር ናት። ፀደይ የያዘቻት ጠበቃ እሷ ናት። ሁለተኛዋ ትንሳኤ የምትባል ልጅ ናት፣ የእጅ ቋንቋ አስተርጓሚ፤ ረምላ ክንዷን ይዛ ነው የምትሄደው። ትንሳኤ ገና በሩ ላይ «ኣደይ፣ እዚህ የሚባለውን ሁሉ ለፀደይ እነግራታለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ጀበና እየጣድኩ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ፀደይ መስኮቱ ስር ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች። ትንሳኤ ከኔ ትንሽ ወደ ኋላ ቆመች።

«አንዷ አታይም፣ አንዷ አትሰማም» አልኩ። «መሐል ያለችው ልጅ የፈለገችውን ብትሸጥላችሁ በምን ታውቃላችሁ?»

ረምላ ሳቀች። «እኛም ጠርጥረናት ነበር ኣደይ። ስትዋሽ እኔ ድምጿን እሰማለሁ፣ ፀደይ ፊቷን ታያለች። ምስኪን፣ በሁለት ወገን ተይዛለች።»

ፀደይም ሳቀች። እኔ በተናገርኩት ስትስቅ ስንት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ረምላ ስለ ሕግ አወራች። ሀገሪቱ የፈረመችው ስምምነት አለ፤ የማይሰማም የማያይም ሰው በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ሰው ነው፣ እርዳታ ይሰጠዋል እንጂ በሱ ፈንታ አይወሰንም አለች። «ወረቀት ነው» አልኳት። «ወረቀት ነው» አለች። «የእርስዎም አቤቱታ ወረቀት ነው። ወረቀት ልጅዎን ምን ሊያደርጋት እንደሚችል ያውቃሉ ማለት ነው።»

ተናደድኩ። «እኔ ጠብቄያታለሁ። አንቺ የት ነበርሽ?»

«እንዴት ነው የጠበቋት?»

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ። ድምፄን ቀነስኩ፣ ሴት ለሴት እንደሚያወራው። ፀደይ ከኋላዬ ነበረች። እሷ ባለችበት ስለ እሷ ማውራት የኖርኩበት ነው፤ ግድግዳ እንደማይሰማ።

ያንን ዓመት ነገርኳት። ፀደይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀሚሷ ተቀዶ፣ ጫማዋ አንድ ሆኖ ነው የመጣችው። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። «ማን እንደሆነ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁኝ። «ምን ታውቃለች፣ አትናገር» አልኩ። ዶሴው እዚያው ቀረ፤ እኔም ቢቀር ይሻላል አልኩ፣ ስሟ እንዳይነሳ። ከዚያ ወዲያ ግን ዝም አላልኩም። በየሦስት ወሩ መርፌ አስወጋታለሁ። ሌላ ቢደርስባት እንኳ እንዳታረግዝ።

«እሷ ታውቃለች?» አለች ረምላ።

«ራስ ምታት ነው እላታለሁ። ታምነኛለች፣ ክንዷን ትሰጣለች። እናት ያልሆነች ይህን አታውቅም።» ኩራት ነበር አነጋገሬ። የደከምኩበትን እየቆጠርኩላት ነበር።

ረምላ ስኒዋን አስቀመጠች። «ኣደይ፣ መርፌው የሚከለክለው ልጁን ነው። ሰውየውን ምን ከለከለው?»

ልቀዳላት ጀበናውን አነሳሁ፤ ባዶ ነበር።

«የማይሰማው ሔሩይ ቢሆን ኖሮ ያስወጉት ነበር?»

«ሔሩይ ወንድ ነው።»

«እኮ» አለች።

ያኔ ነው ዞር ያልኩት። የትንሳኤ እጆች አላቆሙም ነበር። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ እጆቿ ግን ይሄዳሉ፤ የመጨረሻውን ቃሌን ገና እያደረሱ ነበር።

«አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራዬን ነው ኣደይ። ስገባ ነግሬዎታለሁ።»

ነግራኛለች። እውነት ነው።

ፀደይ ተነሥታ ፊቴ ቆመች። ግንባሯን በሁለት ጣት ያዘች። ራስ ምታት። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። ከዚያ መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋችልኝ፣ ባዶ፣ እስከምመልስ ጠበቀች።

«ለምን» የሚል ምልክት የለንም ብዬ ጽፌያለሁ። ገባኝ።

መጋቢት 10

ሄደች። የስፌት መኪናዋን ጭምር። ገዛኢ የሚመጣ መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ የምለውን አዘጋጅቼ። አልመጣም። ትንሳኤ ናት በባጃጅ የወሰደቻት፣ ወደ ራሷ ቤት። መቀሱን ረስታለች። ወይም ትታዋለች።

መጋቢት 11

ማንም እናት ታደርገው ነበር። ማንም።

መጋቢት 13

ሽሮው በዛ። ለአንድ ሰው መሥራት አላውቅም። ወለሉን በእግሬ መታሁት፣ ብዪ ልላት። ጎረቤቴ ወይዘሮ ቀለሙ «ምን ወደቀ?» ብላ መጣች። ምንም አልኳት። «ልጅቷ የት ሄደች?» አለች። ስትጠይቀኝ ዓይኗ ወደ ጓዳ ነበር። ወሬ ልትወስድ ነው።

መጋቢት 15

ሌሊት አልተኛሁም። ያ የፖሊስ ጣቢያ ወንበር ትዝ አለኝ። ፀደይ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ትጎትት ነበር። እየደጋገመች አገጯን በጣቷ ወደ ታች ትስል ነበር፣ ጢም እንደሚሳል። ማታ እስክንገባ አላቆመችም። እኔ «ተዪ» አልኳት። «ተዪ» ምልክት አለን።

መጋቢት 17

ዓይኔን ተሠራሁ። ግራው ታሽጓል፣ ቀኙም ያለቅሳል። ፊደሉ ከመሥመር ቢወጣ ለዚህ ነው።

ሔሩይ ለችሎቱ መጥቶ ከሐኪም ቤት አመጣኝ፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጠኝ። ከተማው ደግሞ ጦርነት ይመጣል በሚል ወሬ ተረብሿል፣ ሰው ባንክ ደጃፍ ተሰልፏል። ሔሩይ ስልኩን አነሳ። ከኔ ሁለት ክንድ አይርቅም።

«አዎ፣ የእህቴ ጉዳይ በሳምንት ውስጥ ያልቃል» አለ። «ወሬው ሳይብስ ቤቱን እንሸጠዋለን፣ ገዢው ይጠብቅ። . . . አሮጊቷ? አሮጊቷ ችግር የለባትም። አዲስ አበባ አምጥቼ አንድ ቦታ አስገባታለሁ። እምቢ ካለችም በዚሁ መንገድ ነው፤ ዓይኗም ሄዷል፣ ሐኪም ወረቀት ከሰጠ አንድ አቤቱታ ነው።»

አልተንሾካሾከም። ዓይኔን ሲያሽጉ ጆሮዬንም ያሸጉት መስሎታል። ግድግዳ እንደማይሰማ።

ቀጥሎ «እማዬ፣ ሻይ ላምጣልሽ?» አለኝ። በደንብ አጣፍጦ ነው ያመጣልኝ።

ምናልባት የሌላ ሰው እናት ይሆናል የሚያወራው። የጓደኛው እናት ትሆናለች።

መጋቢት 18

የጓደኛው እናት መቀሌ ቤት የላትም።

መጋቢት 23

ችሎት።

ረምላ ቆመች፣ ትንሳኤ ከዳኛዋ አጠገብ ፀደይን ትይዩ ተቀመጠች። ፀደይ እጇን አነሳች። እንደዚያ ስትናገር አይቻት አላውቅም። ክንዶቿ፣ ትከሻዋ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ያወራል። ትንሳኤ ልትደርስባት ትቸኩላለች። ልጄ ይህን ያህል ወሬኛ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ዳኛዋ ጠየቁ። የት ትሠሪያለሽ? ቤት ምን ማለት ነው? ብትሸጪ ምን ይሆናል? አግብተሽ ብትጣዪስ?

«ብጣላ ፍርድ ቤት እመጣለሁ» አለች በትንሳኤ ድምፅ። «መንገዱን አሁን አውቄዋለሁ።» ሰው ሳቀ።

ከዚያ ሳትጠየቅ ቀጠለች። «እናቴ ክፉ አይደለችም። በረሃብ ጊዜ የራሷን ለኔ ትታልኛለች፤ የበላች መስላ ዕቃ ስታንኳኳ አይቻታለሁ። ግን ለሰው ስትናገር ፊቷን ከኔ ታዞራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ፖሊስ እሷን ጠየቀ። እኔ ሰውየውን አውቀው ነበር። አሁንም አውቀዋለሁ፣ በሰፈራችን ያልፋል፣ ጢም አለው። ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ደግሞ እኔን ሳይጠይቁ ሊወስኑ ነው።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ረምላ «ያ ጉዳይ ገና አልተዘጋም፣ በሌላ መዝገብ እንመጣበታለን» አለች።

እኔ ወንበሩን ያዝኩ። በሰፈራችን ያልፋል። ጢም ያለውን ሰው ሁሉ በአእምሮዬ አሰለፍኩ። ስንቱን እንዴት ዋልክ ብዬዋለሁ። የትኛውን አጎንብሼ ሰላም አልኩት?

«አቤት ባይ፣ ወይዘሮ የኔዓለም» አሉ ዳኛዋ። «በአቤቱታዎ ይጸናሉ?»

ሔሩይ ከኋላዬ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ እናቴ ዓይኗን ታማለች፣ ደክማለች። በሷ ፈንታ እኔ ልመልስ።»

እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር። ለስላሳ ነው እጁ። እኔም የፀደይን ትከሻ እንዲሁ ነበር የምይዘው።

«አፍ አለኝ» አልኩ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«አፍ አለኝ ብያለሁ። አቤቱታውን አንስቻለሁ።»

«ምክንያትዎ?» አሉ ዳኛዋ።

«አላምነውም።»

«ማንን?»

ማንን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። የወለድኩት ነው። ችሎቱ ግን ሰምቷል። ዞሬ ሳይ የትንሳኤ እጆች እያደረሱ ነበር፤ ፀደይ ዓይኖቿን ከፍታ ትመለከት ነበር።

መዝገቡ ተዘጋ።

መጋቢት 25

ሔሩይ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ለዚያች ነርስ «ሁለተኛ እኔ አላመጣትም፤ ከመጣች ራሷ ትመጣለች» አልኳት። ካርዱ ላይ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አሳይኝ ብዬ አነበብኩት። ትክክል ነው የጻፈችው። እንዲያም ሆኖ አላምናትም።

ሚያዝያ 15

ከፋሲካ ማግስት ማዘጋጃ ቤት ፈርመዋል። ለኔ የነገረችኝ ረምላ ናት፣ በስልክ። «አልጠሩኝም ብለው አይዘኑ፣ ማንንም አልጠሩም» አለች። ውሸት ሊሆን ይችላል። ለኔ ብላ ከሆነ ግን እንኳን ዋሸች። ገዛኢን አሁንም አላምነውም። ቤት ግን አልጠየቀም፤ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ምናልባት እየጠበቀ ነው።

ዛሬ ሄድኩ። መቀሱን በጨርቅ ጠቅልዬ። ስለቱን አስሞርጄዋለሁ፤ ሞራጁ «ብረት ቆርጠውበታል» ብሎ ተቆጣኝ። አዎ አልኩት።

በሩን አገኘሁት። ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የስፌት መኪና ይሰማል። ልገፋው እጄን ዘረጋሁ፤ ሳላስበው ነው፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው። ከመቃኑ ጎን ግን ያች የሸሚዝ ቁልፍ የመሰለች ነጭ ነገር አለች። ሽቦዋ አዲስ ነው።

ተጫንኳት። በስንጥቁ ብርሃኑ ቦግ ሲል አየሁት፤ የተሠራው ዓይኔ ጥሩ ያያል። የስፌት መኪናው ቆመ። የመስኮቱ መጋረጃ በአንድ ጣት ገለጥ አለ፤ ዓይኗ ነው። አየችኝ። መጋረጃው ተመልሶ ወደቀ።

በሩ አልተከፈተም።

ልብሷን እየቀየረች ይሁን፣ ልታስጠብቀኝ ፈልጋ ይሁን፣ አላውቅም። ደግሜ መጫን እችል ነበር። ገፍቼ መግባትም እችል ነበር፤ ክፍት ነው። መቀሱን በሁለት እጄ ይዤ ከደጇ ቆምኩ። ጠበቅኩ።